ጎኑን በዓይን፣ ጥርሱን በእጅ

ግንቦት 9

አባዬ፣

ሰላምታውን ከታች ታገኘዋለህ። ንዴቴ ሳይበርድ እንደምን ነህ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ጎማዎቹ ደርሰዋል፣ አራቱም። የእህል መኪናው ሹፌር ከጭነቱ አናት ላይ አንከባልሎ ደጃፋችን ጣላቸውና «አባትሽ ሰላም ብለውሻል» ብሎኝ ሄደ። እኔ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩልህ? መቼ ነው የምትመጣው ነው ያልኩህ። አባቱን ለናፈቀ ሰው ጎማ ይላካል?

ስኳሬን ታይቼ በሳምንቱ እመለሳለሁ ብለህ አክስቴ ቤት ከገባህ ወራት አለፉ። ሥራውን እኔ ይዣለሁ። ፒካፓችን ቀበጧም ደህና ናት፤ በሽተኛ ታወርዳለች፣ ዱቄት ታወጣለች። ጎማዎቿ መላጣ መሆናቸው እውነት ነው፣ ያንተን አናት መስለዋል። እሱን አልካድኩም።

ግን የኔ ጭንቀት ትልቋ ናት። እህቴ ሐምሌ አጋማሽ ላይ እንደምትወልድ ታውቃለህ። ያለፈውንም ታውቃለህ፤ አንተና ቀበጧ ሩቅ ሥራ ላይ ሆናችሁ፣ ለምነን ያመጣነው ሹፌር ጉሮሮ የምንለው ዳገት ላይ ሲደርስ ዝርግ ድንጋዩ አንሸራተተውና ተመለሰ። እሷን በቃሬዛ አወረዷት፤ ልጁ ክሊኒክ ሳይደርስ ሞተ። ዘንድሮ ይህ እንዳይደገም ላይኛው መንደር ድረስ ወጥቼ «ዝናቡ ሳይጠነክር ውረጂና እኛ ጋ ክረሚ» ብላት ምን አለችኝ መሰለህ? «አባዬ የሌለበት መኪና ላይ አልወጣም።» ባሏ ለመናት፣ እኔ ለመንኳት። ወይ ፍንክች። እኔ ያንን ዳገት ስወጣው ስወርደው ብከርምም፣ ለእሷ ገና አፍንጫዋን ያልጠረገች ታናሽ ነኝ።

ደግሞስ ጎማ ከላክህ አይቀር ምነው የጭቃ ጎማ? ጉሮሮን ታውቀዋለህ። ጭቃው ከታች ወንዙ ዳር ያለችው ቁራጭ ብቻ ናት። ከዚያ በላይ ኮረኮንች ነው፣ ከኮረኮንቹ በላይ ያ ዝርግ ድንጋይ። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ጭቃ ይነክሳል፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን የሚነክሰው ሲያጣ በጥርሱ ጫፍ ይቆማል፣ ሹል ተረከዝ ጫማ አድርጋ ሴራሚክ ላይ እንደምትሄድ ሴት። እኔ የምፈልገው ሁለገቡን ነው፤ ጥርሱ መካከለኛ የሆነውን፣ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ያለውንና ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ለድንጋይም የሚሆነውን። ይህን ጎሚስታው አልነገረኝም፣ መንገዱ ላይ ያየሁት ነው።

መጠቅለያቸውን አልፈታሁም። የእህል መኪናው ሲመለስ እጭናቸዋለሁ። አንተ ግን መቼ ነው የምትመጣው? ሐኪሙስ ምን አለህ?

ለሰላምታው ቦታ አልተረፈም።

ልጅህ

ግንቦት 21

ለልጄ፣

ሰላምታ የነፈግሽው አባትሽ ደህና ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የምትጽፍልኝ አክስትሽ ናት። ያልኩትን ብቻ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። (አልማልኩም። እንደምን ነሽ የኔ ልጅ? አክስትሽ።)

ጎማዎቹን መልሰሽ ብትጭኚ እኔም መልሼ እጭናቸዋለሁ። የእህል መኪናውም ጎማ ሲያመላልስ ይክረም።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ስለ ጉሮሮ የምትነግሪው ለማን ነው? አንቺ በእናትሽ ጀርባ ታዝለሽ ሳለሽ እኔ ያንን ቁልቁለት የኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወርጄዋለሁ። ያቺ ቁራጭ ያልሻት ጭቃ ስንት መኪና እንደዋጠች ታውቂያለሽ? ሰው ጭቃውን ካላለፈ ድንጋዩ ጋ በምኑ ይደርሳል?

እነዚህን ጎማዎች ዝም ብዬ አላነሳኋቸውም። ከሱቅ ሱቅ ዞሬያለሁ። ሻጩ ያንን ሁለገብ የምትዪውን አመጣልኝ። በመዳፌ ዳበስኩት፤ የድመት ጥርስ ነው። ቀጥሎ እነዚህን አመጣ። ጣቴን በጥርሶቹ መሃል ባስገባ እስከ አንጓዬ ዋጠኝ። ላስቲኩን በጥፍሬ ጫን አደረግኩት፤ ጠንካራ ነው፣ ጥፍሬን መለሰልኝ። ጥንካሬውን ወደድኩት። አክስትሽም አብራኝ ነበረች፣ ጠይቂያት። (ነበርኩ። ለኔ ጎማ ሁሉ ጥቁር ክብ ነው።)

መቼ ትመጣለህ ላልሽው፣ ስመጣ እመጣለሁ። ሐኪሙ ምን አለ ላልሽው፣ ሐኪም መቼም የሚለው አያጣም። አንቺ ጎማዎቹን አስገጥሚ። ለትልቋም አባትሽ ይደርስልሻል በያት። እኔ እስክመጣ ግን የሌሎቹ መንደሮች መንገድ ይበቃሻል፣ ዝናብ ከጀመረ ጉሮሮን አትሞክሪው።

አባትሽ

ሰኔ 4

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ?

እንደ ትዕዛዝዎ ጎማዎቹን አስገጥሜያለሁ። ጎሚስታው መጠቅለያውን ሲፈታ እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ ላያቸው አልፈለግኩም። እሱ አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ሲከፍት «አባቴ ናቸው የመረጡት፣ ዝም ብለህ ግጠም» አልኩት። ገጠመ።

ከዚያ ቀበጧን ባዶዋን ይዤ ጉሮሮን ወጥቼ ወረድኩ። አትሞክሪው ብለውኝ እንደነበር አውቃለሁ። ዝናቡ ግን የእርስዎን ፈቃድ አይጠብቅም፣ የትልቋ ሆድም አይጠብቅም። ስለ ሙከራው ከእርስዎ ጋር ክርክር አልገጥምም፤ እርስዎ ሁሉን ያውቃሉ። ብቻ በዚያ በሚዞሩባቸው ሱቆች ለቀበጧ የሚሆን የግራ የጎን መስታወት ካለ ይጠይቁልኝ። የግራ የፊት መብራትም።

አባዬ ይደርስልሻል ብለዋል ብዬ ለትልቋ ልኬባታለሁ። በሩን እያየች ነው።

አክባሪዎ
ልጅዎ

ሰኔ 11

እርስዎ?

እርስዎ አልሽኝ? አክስትሽ ማንበብ ስትጀምር የሌላ ሰው ደብዳቤ የከፈትን መስሎኝ አስቁሜያታለሁ። እርስዎ የሚባለው እንግዳ ነው፣ እርስዎ የሚባለው ዳኛ ነው። አንቺ አፍ ከፈታሽ ጀምሮ እኔ አንተ ነኝ። ተቆጪ፣ አኩርፊ፣ ከፈለግሽ ስደቢኝ። ግን በአንተ ስደቢኝ።

መስታወቱ ምን ሆነ? መስታወት በገዛ ፈቃዱ አይረግፍም። ስንወርድ ገደሉ በቀኝ፣ የድንጋይ ግድግዳው በግራ ነው። የግራው ከሆነ የሄደው፣ ወደ ግድግዳው ነው የተንሸራተትሽው። ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ አሁን የምጽፍለት ሰው የለኝም። ይህን አስበሽዋል? ድንጋዩ ላይ ፍሬን ይዘሻል፣ አትዋሺኝ። ያ ድንጋይ በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም ብዬ ስንት ጊዜ ነው ጉሮሮዬ የደረቀው?

ስለ መስታወት ጽፈሻል፣ ስለ መብራት ጽፈሻል። ስለራስሽ አንድ ቃል የለም። ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት? (ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ምግብ አስጠልቶታል። የት ጋ እንደተመታሽ ጻፊለት፣ ካልተመታሽም ጻፊለት። አክስትሽ።)

ምንም ብትዪ ትልቋን ይዘሽ እንዳትወርጂ። ሰምተሻል?

አባትሽ

ሰኔ 18

አባዬ፣

እሺ፣ አንተ። ግንባሬ ላይ እብጠት ነበር፣ ጠፍቷል። እጄም እግሬም ደህና ነው።

ፍሬን አልያዝኩም። ይህን አክስቴ ሁለቴ ታንብብልህ። በአንደኛ ማርሽ፣ እግሬን ከፔዳል አንስቼ፣ ልክ አንተ እንዳስተማርከኝ ነበር የምወርደው። ድንጋዩ ላይ ስደርስ ቀበጧ ሳሙና እንደረገጠች ሄደች። መሪውን ባዞረውም አልሰማችኝም። ግድግዳው ነው ያቆመኝ።

ጎሚስታው ጎማዎቹን ሲያወርዳቸው በዚህኛው ጊዜ ፊቴን አላዞርኩም። ጎናቸውን አየሁት። ክብ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፣ እንደ ደረቀ ተረከዝ። የተሠሩበት ዓመት እዚያው ጎናቸው ላይ ታትሟል፤ ትልቋ ሳታገባ የተሠሩ ናቸው። መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ተቀምጠው ላስቲኩ እንጨት ሆኗል። ጥርሳቸው አልተነካም፣ ግን የሞተ ሰው ጥርስም እኮ አይወልቅም።

እንዴት እንደነደደኝ ልነግርህ አልችልም። «ጎኑን በዓይን፣ ጥርሱን በእጅ» ያለኝ ማን ነው? ፊደል ሳልቆጥር ነው ያስቆጠርከኝ። ጥርስ ይዋሻል፣ ጎን አይዋሽም ትል ነበር። መጀመሪያ ጎኑን እይ፣ ቀጥሎ ጥርሱን ንካ፣ ይህን የገለበጠ ሰው ጎማ አይግዛ ትል ነበር። ሰው በዚህ ሲሳሳት ከሱቅ ድረስ ተከትለህ የምትቆጣ ሰው ነህ። ታዲያ አንተ ራስህ እንዴት? ቸኮለ እንዳልል ከሱቅ ሱቅ ዞሬያለሁ ብለሃል። ተታለለ እንዳልል ደግሞ አንተን ያታለለ ሰው ገና አልተወለደም፤ እንዳልተወለደም አንተው ነህ የነገርከኝ።

ከዚያ የግንቦቱን ደብዳቤህን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። በመዳፌ ዳበስኩ ይላል። ጣቴን አስገባሁ፣ በጥፍሬ ጫን አደረግኩ ይላል። አየሁ የሚል ቃል ፈለግኩ። አገላብጬ ፈለግኩ፤ አንድም የለም። ሐኪሙ ምን አለ ብዬ የጠየቅኩህንም እንደ ቀልድ አልፈኸዋል።

አክስቴ፣ አሁን የምጽፈውን ሳትዘዪ፣ ሳታለሳልሺ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

አባዬ፣ ዓይንህ ያያል?

ሰኔ 25

አያይም።

ይኸው፣ ሰማሽ። መስኮቱ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ መብራት ሲበራና ሲጠፋ ይታወቀኛል። ከዚያ ያለፈ የለም። ስኳሩ ነው ይላሉ። ሐኪሙ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «ይለመዳል አባት» አለኝ። እሱ ይልመደው።

ሳጥን ሙሉ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ። እሱም ምንም አላበራልኝ።

የሚያንገበግበኝ ግን ያ ሻጭ ነው። እንደማላይ ገባው። ገብቶት ነው ያረጀውን ከጓዳ ያወጣልኝ። ደግሞ እጄን ይዞ ጥርሱ ላይ አስቀመጠልኝ፣ «ይዳብሱት አባት፣ እንዲህ ያለ ጥርስ አይገኝም» እያለ። ጎኑ ላይ አላስቀመጠኝም። ጎኑ ላይ ቢያስቀምጠኝ ስንጥቁን ጣቴ ያገኘው ነበር። እጄን ይዞ ነው ያሞኘኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው የሚያወርድና የሚያወጣ እጄን።

ለምን ደበቅከኝ ትያለሽ። ብነግርሽ ለትልቋ ትነግሪያታለሽ፤ ምሥጢር አፍሽ ውስጥ አያድርም። እሷ ደግሞ እኔ ካልነዳሁ አትወርድም። እኔ መምጣት ካቃተኝ እጄ የመረጠው ጎማ ይድረስላት አልኩ። ሞኝነት ነው። አንዷን ላድን ብዬ ሌላዋን ገደል ልሰድ ነበር። ይህን ሳስብ ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

አሁን ምን ላድርግልሽ? ዕውር ሹፌር የሚፈልግ መንደር ካለ ንገሪኝ። ለትልቋ ምን እንደምትያት አንቺ እወቂ። እኔ እዚሁ ልቀመጥ።

አባትሽ

(እኔ ነኝ። ስለ ዓይኑ እንዳልጽፍልሽ በእናታችን ስም ለምኖኝ ነው፣ አትቀየሚኝ። ሱቁ ሄጄ ሻጩን ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ፣ ደንበኛ እያየ። ወንድሜ ግን ሲናገር ያላመጣው አንድ ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እግሩ እንደሚነዳ ሰው ፍሪሲዮን ይረግጣል። አክስትሽ።)

ሐምሌ 2

አባዬ፣

እዚያው ልቀመጥ? ማን ፈቀደልህ?

ደብዳቤህን ሳነብ አለቀስኩ፣ ከዚያ ማልቀሴ ራሱ አናደደኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ጨለማ ላይ ተቀምጠህ እጄ ይንቀጠቀጣል ትለኛለህ? እኔ በጎማ ስጨቃጨቅህ፣ በአናትህ ስቀልድብህ፣ አንተ ዝም? ይቅርታ በለኝ አልልህም። ና ነው የምልህ።

ለትልቋ ነገርኳት። እንዳልከው ምሥጢር አፌ ውስጥ አያድርም። በእግሬ ወጥቼ፣ ዝናብ እየወረደብኝ ነው የነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠችና «አያይም አልሽኝ እንጂ የለም አልሽኝ?» አለችኝ። «አባዬ የሌለበት መኪና አልኩ እንጂ አባዬ የማይነዳው አልኩ እንዴ? ያለፈው ጊዜ ያጣሁት ሹፌር ነበር? ቃሬዛው ላይ ሆኜ እጄን የሚይዘኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

ቁጭ አልኩ። እውነቷን ነው፤ ቃል በቃል ያለችው እሱን ነው። ሄደህ የግንቦቱን ደብዳቤዬን አስነብበው። ልጅቷ አንተን ስትል እኔ መሪውን ሰማሁ፣ አንተም ከኔ ተቀብለህ መሪውን ሰማህ። ሹፌር ቤት ተወልደን ሹፌር ሹፌር ብቻ ነው ጆሯችን የሚሰማው። በዚህ ምክንያት ነው እንግዲህ አንተን ሰው ያሞኘህ፣ እኔ ግድግዳ የመታሁት።

የላክሃቸውን ጎማዎች ለጎሚስታው ሰጠሁት። ደጃፉ ላይ አጋድሞ አበባ ተክሎባቸዋል፤ ለዚያ ይሆናሉ። አዲሶቹን ከገበያው ከተማ አመጣሁ። ሁለገቡን ነው፣ የድመት ጥርስ ያልከውን። ሻጩ ከሱቅ ወደ ፀሐይ እንዲያወጣቸው አድርጌ የአራቱንም ጎን አየሁ፣ ዓመታቸውን አነበብኩ። ዘንድሮ የተሠሩ ናቸው፣ ስንጥቅ የላቸውም። የዓይኑ ሥራ አልቋል። የእጁ ሥራ ግን ቀርቷል፤ ጥርሱን ሆን ብዬ አልነካሁትም። አንተ መጥተህ ሳትዳብሰው ጉሮሮን አልወጣም፣ ሳልወጣ ደግሞ ትልቋ አትወርድም። እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው።

ሐሙስ አውቶቡስ ተራ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ እርስዎ እልሃለሁ፣ እስክትሞት ድረስ።

ልጅህ

ሐምሌ 20

አክስቴ፣

እንደደረሰ ልጽፍልሽ ነበር፤ ወንድምሽ ግን ሰውን የሚያስጽፍ ሰው አይደለም።

ከአውቶቡስ ሲወርድ ክንዱን ልይዘው ብል መነጨቀኝ። «ቀበጧ የት ናት?» አለ። እኔን ሳይስመኝ ጎማዎቹ ጋ ተንበረከከ። አራቱንም ዞራቸው፣ እጁን በዚህኛው ጊዜ ከጎናቸው ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጥርሱን ያዘ። «የድመት ጥርስ» አለ። እልሄ ተነሣና ልመልስለት ስል «ድመት ግንብ ትወጣለች» ብሎ ሱሪውን አራገፈ። ከዚህ የተሻለ ይቅርታ ከእሱ አትጠብቂ።

ጉሮሮን ስንወጣ የተናገረኝን ብጽፍልሽ ወረቀቱ በእሳት ይያያዛል። ማርሽ ዘግይተሻል ይላል፣ አሁን ደግሞ ቸኩለሻል ይላል። «ዝም በይ፣ ልስማበት» ይላል፤ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። መስኮቱን ከፍቶ ጆሮውን አውጥቶ ነበር። ዝርግ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ድንጋዩ ርሷል። ጎማው ያዘ።

ትልቋ በሯ ላይ ቆማ ነበር፣ ጓዟን ይዛ። እኔን እያየች «የሚነዳው ማን ነው?» አለች፣ ልታስቀኝ ብላ። አባዬ ግን ከምሩ ተቆጣ። «እኛ ነን፣ ዝናቡ መጣ፣ ግቢ» አላት። ገባች። ስንወርድ እጁን ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ዘርግቶ እጇን ይዞ ነበር። እኔን ሲሳደብ እንኳ አልለቀቃትም።

ወልዳለች። እሷም ደህና፣ ልጅቷም ደህና። ሴት ናት፣ ጩኸቷ ከክሊኒኩ አጥር ውጪ ይሰማል፣ ማንን እንደመሰለች ንገሪኝ። አባዬ አቀፋት። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሳቸው፣ ድዷን ሳይቀር ነካ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ጎኗን ደግሞ እናንተ እዩልኝ» አለ። አየንለት። ምንም የላትም አልነው። ደጋግመን እንድናይ አዘዘን።

(ጻፊልኝ ብያት ነው። የኔ ንዴት አልበረደም። በዚያ ሻጭ ደጃፍ ባለፍሽ ቁጥር ልክ ልኩን ንገሪው። ወንድምሽ።)

አሁን ከፊት ወንበር አልወርድም ብሏል። በሽተኛ ስናወርድ አብሮኝ ይወጣል፣ አብሮኝ ይወርዳል፣ ቀኑን ሙሉ ይጨቀጭቀኛል። ከግንቦት ጀምሮ ያልሰጠሁት ሰላምታ ስለነበረብኝ ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ሳላስነሣ ወደ እሱ ዞሬ «እንደምን አደርክ አባዬ?» አልኩት።

«የሰኔው ሰላምታሽ አይቆጠርም፣ በእርስዎ ነበር» አለኝ። «ይኼን ነበር የምጠብቀው። ንጂ አሁን።»

ልጅሽ